የአማት ስም

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በር ተከፍቶ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ የወይዘሮ ዓለሚቱ ምራት አማቷን «ዓለሚቱ!» ብላ ጠራቻቸው። እትዬ የለ፣ ወይዘሮ የለ፤ ቀበሌ ማዳበሪያ ሲያድል ከመዝገብ እያነበበ እንደሚጠራው ያለ ደረቅ ዓለሚቱ። ከአጥሩ ማዶ የሱቋን መዝጊያ ስታነሣ የነበረችው ሀኒፋ መዝጊያውን ግማሽ ላይ አቁማ ጆሮዋን አቀናች። ንፋስ መውጫ ላይ ነፋሱ የማያደርሰው ወሬ የለም፤ ሀኒፋን ግን ነፋሱም አይቀድማትም። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። ጠሪዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ግድግዳውን ታያለች። ተጠሪዋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚለቅሙትን ምስር ትተውታል። ሦስተኛው የወይዘሮ ዓለሚቱ ትንሽ ልጅ ካሌብ ነው። ወንድሙ ለሠርጉ የገዛውን ከረባት አስሮ፣ አበባ የታተመበት ላስቲክ የለበሰውን ጠረጴዛ ወደ ራሱ ስቦ፣ መነጽር ሳይኖረው መነጽር የሚያስተካክል ይመስል አፍንጫውን እየነካ፣ ኤምባሲ ሆኖ ተቀምጧል።

«እንዲህ ነው» አለ ኤምባሲው። «ብቻ እዚያ እንዲህ አትጩሂ። በሰው ድምፅ በይው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሌብ ታላቅ ወንድም ንጋቱ በረዶ የማይጠፋበት አገር ገብቶ፣ ወረቀት አግኝቶ፣ ተመልሶ መጥቶ የትናየትን በተክሊል አገባና የጫጉላው ወግ በቅጡ ሳያልቅ ወደ ሥራው ሄደ። ሚስቱ ባሏን ልትከተል ስትል ነው ኤምባሲ የሚሉት ነገር ከመሀል የገባው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ኢንተርቪው ቀረበች። የባልሽ እናት ስም ማን ነው ብለው ጠየቋት፤ አቀረቀረች። ሲደግሙባት «ጥላዬ» አለች። ማመልከቻው ላይ የተጻፈው ግን ዓለሚቱ ፈንታ ነው። በዚህ አገር ምራት የባሏን ቤተሰብ በስማቸው አትጠራም፤ ነውር ነው። ገና እንደ ገባች ለአማቷም ለባሏ ወንድም ለዋርሳዋም ከራሷ ስም ታወጣላቸዋለች፣ አማትም በተራዋ ለምራቷ ታወጣለች። የትናየት ወይዘሮ ዓለሚቱን «ጥላዬ» አለቻቸው፤ ካሌብን «ምሁሬ» አለችው። ካሌብ ያኔ አሥረኛ ክፍልን እየደገመ ቢሆንም ስሙን አይገባኝም ብሎ አልመለሰም። ወይዘሮ ዓለሚቱ ደግሞ ምራታቸውን «አዱኛ» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ የትናየት የሚባል ሰው የሚኖረው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ባሏ እንኳ ስልክ ላይ ሲጽፍላት «አዱ የኔ ማር» ነው የሚለው። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተው ካሌብ ይህን ሁሉ ማር በስክሪንሾት አትሞ ለጋብቻው ማስረጃ ይሆናል ብሎ በፌስታል አስይዟት ነበር። የኤምባሲው ሰውዬ አገላብጦ አየና «ለመሆኑ አዱ ማን ናት?» አላት። እኔ ነኝ አለች። ሰውዬው ፓስፖርቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ፌስታሉን አየ። የአማቷን ስም የማታውቅ፣ ባሏ ለሌላ ሴት ማር እያለ የሚጽፍባት ሚስት የእውነት ሚስት መሆኗ አላሳመነንም ብለው ሸኟት።

አሁን በመከራ ሁለተኛ ቀጠሮ ተገኝቷል። ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ከቪዛው አይተናነስም፤ ክፍት ቀን ኢንተርኔቱ ላይ ብቅ ሲል ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም፣ እዚህ ደግሞ ኢንተርኔቱ ሲፈልግ ይመጣል ሲያሻው ወራት ይጠፋል። አዲስ አበባ ያለ የካሌብ ጓደኛ ሥራውን ትቶ ስልኩን ሲጫን ከርሞ ነው ያገኘው። ከዚያ ሕጉ መጣ። ፎቶው ነጠላ የሌለበት፣ ጆሮ የሚታይበት፣ ጥርስ የማይታይበት ይሁን ተባለ፤ ባሏን ልታገኝ የምትሄድ ሴት እንዳትስቅ ማለት ነው። የሳንባ ምርመራ አለ፣ የፖሊስ ማስረጃ አለ፤ ሌባ አለመሆኗን የሚመሰክርላት ፖሊስ ራሱ ሦስት ቀን ደጅ አስጠናት። ይህ ሁሉ አልቆ አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ነገ ንጋት ላይ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ከዚያ መስኮቱ ፊት ቆማ የአማቷን ስም ሳታፍር መጥራት አለባት። ከተሳካላት ሳትመለስ ከዚያው ትበራለች። ለዚህ ነው ሰሞኑን በየጧቱ ካሌብ ከረባት የሚያስረው፤ እስከ ዛሬም አንዴ ጉንጯ ብቻ ይቀላል፣ አንዴ እንባዋ ይመጣል እንጂ ስሙ ከአፏ አልወጣም ነበር። ዛሬ ወጣ፤ ግን ታፍኖ የቆየ ነገር ስለሆነ እንደ ፉጨት ወጣ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ምስሩን አስቀምጠው ተነሡ። ሱቅ እደርሳለሁ አሉ። ለንጋቱ የሚላከው በሶ ተፈጭቷል፣ ድርቆሹ ታስሯል፣ በርበሬው ግን ጥቂት ይጎድላል። ልጅቱ ከኋላቸው «ጥላዬ፣ አስቀየምሁዎ?» ስትል ሰምተዋል፤ ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ። ስማቸው በመጠራቱ አልተቀየሙም። ስማቸውን ከሩቅ ሰምተው ደንግጠዋል። ጥላዬ የምትላቸው ልጅ ለጊዜው ከቤት ወጥታ ሌላ ሴት፣ ከቢሮ የመጣች፣ የምታውቃቸው በወረቀት ብቻ የሆነች ሴት የጠራቻቸው ነው የመሰላቸው። ነገ ከሄደች ደግሞ ጥላዬ የሚላቸው ሰው በምድር ላይ አይኖርም። ካሌብ እማዬ ይላቸዋል፣ ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል፤ ጥላዬ ግን ከልጅቱ ጋር አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል።

እውነቱ ይውጣ ከተባለ፣ ወይዘሮ ዓለሚቱ ቪዛውን አይፈልጉትም። ባለፈው ዓመት ምራታቸው ኢንተርቪው በገባችበት ጧት ካሌብ ቪዛው እንዲሳካ ለማርያም ጃንጥላ ተስሎ ነበር። ወይዘሮ ዓለሚቱ ደግሞ በዚያው ጧት፣ ለዚያችው ማርያም፣ ቪዛው እንዳይሳካ ጃንጥላ ተሳሉ፤ ያውም ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። እመቤታችንም ከአንድ ቤት ሁለት ጃንጥላ ቢቀርብላት ዘርፍ ያለውን መረጠች። ስለታቸውን ያገቡ ዕለት ስለቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ለሕዝቡ ይነገር ተብሎ ቄሱ ሲጠይቋቸው፣ ስለ ጤና ነው አሉ። ካሌብ ለእናቱ ጉልበት መስሎት ከሰው ሁሉ በላይ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከሁሉ አስረዝማ እልል ያለችው ምራቲቱ ነበረች። ያቺ እልልታ እስከ ዛሬ ጆሯቸው ላይ አለች። በዚህ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ዘንድሮ ለማንም ምንም አልተሳሉም።

ሀኒፋ ሱቋ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው ነበር። ጨርቅም ቅመምም ሳሙናም የምትሸጥ፣ ከባሏ ከጀሚል ሞት ወዲህ ሱቁን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት። በርበሬው ካለፈው ሳምንት መቶ ብር ጨምሯል፤ ወይዘሮ ዓለሚቱ ለምን ብለው ቢጠይቁ መንገዱ ነው አለች። ሁሉም ነገር መንገዱ ነው፤ ስኳሩም መንገዱ፣ ዘይቱም መንገዱ፣ ከጓሮዋ የቀጠፈችው ጎመን እንኳ መንገዱ ነው የጨመረበት። ከዚያ እየመዘነች፣ ዓይኗን ሚዛኑ ላይ ተክላ፣ ጧት ከቤትዎ የሰማሁት ድምፅ የማን ነው አለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ የኤምባሲ ነው አሏት። ሀኒፋ ግን ይህን ያህል በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። እኔ ምራቴ በስሜ ብትጠራኝ ኖሮ ኤምባሲ ሳትደርስ አባቷ ቤት አደርሳት ነበር አለች። ይሄኔ ስልካቸው ጮኸ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አነሡት። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ የአዲስ አበባ አማርኛ፣ ለስላሳ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ፈንታን ነው የማናግረው አለች። ማን ልበል ቢሏት ከኤምባሲ ነው፣ ጥቂት ጥያቄ አለኝ አለች።

አሁን ማንም አይፍረድባቸው። ካሌብ ራሱ ነው ሰሞኑን እንግዳ ስልክ ከመጣ ስምሽን እንዳትናገሪ፣ ሎተሪ ወጣልሽ የሚሉ ሌቦች ናቸው ብሎ ያስጠናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዲቱ ደውላ ቴሌቪዥን ደርሶዎታል ብላቸው ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ዓለሚቱ እናቶች በሌባ ልጅ ላይ የሚሉትን ሁሉ በሰላማዊ ድምፅ አሏት፤ እናትሽ አርግዛ ሳለች ምን በልታ ይሆን አንቺን የወለደች ድረስ ሄዱ። ልጅቱ «እማማ፣ እኔ…» ስትል ዘጉባት። ሀኒፋ አጨበጨበች። እኔንም እኮ መኪና ወጣልሽ ብላኛለች፣ ድምፅዋ ይኸው ነው አለች። በደስታዋም በርበሬው ላይ አንድ እፍኝ መረቀችላቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ በጓሮ በኩል ገቡ። ማድ ቤቱ ውስጥ የትናየት ብቻዋን ናት። ሊጠሯት ሲሉ ድምፅዋን ሰምተው ቆሙ። የቂጣ ሊጥ እያሸች፣ ፊት ለፊቷ ማንም በሌለበት፣ በቀስታ ታወራለች። «ዓለሚቱ ፈንታ» ትላለች፤ ትንፋሽዋን ትውጥና «አፈር ልሁንልዎ» ትላለች። እንደ ገና «ዓለሚቱ ፈንታ፤ አፈር ልሁንልዎ።» ስማቸውን በጠራች ቁጥር ይቅርታዋን ከኋላው ታስከትላለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ግድግዳው ጥግ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። የዓመት እንጨት ተፈልጦ ተከምሯል። ሽሮው ተፈጭቶ፣ ክኩ ተከክቶ፣ ጨው ሳይቀር ተወቅጦ በየዕቃው ታሽጓል፤ እሳቸው በጉልበታቸው ጎንበስ ብለው እንዳያነሡት ሁሉም ከወገብ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ይህን መቼ ሠራችው? አብረው ነው የዋሉት፣ አላዩአትም። እኩያዎቿ ሁለተኛ ልጃቸውን አዝለዋል፤ እሷ የሰው ክርስትና በተነሣ ቁጥር ሕፃን ለመቀበል ትቀድማለች፣ መልሳ ለመስጠት ትዘገያለች። ወይዘሮ ዓለሚቱ ይህን አያውቁም አይባልም። ያውቃሉ፤ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ የገዙትም እያወቁ ነው። ሳል የመጣባቸው መስለው ገቡ።

ምሳ ላይ ስለ ሌባዋ ሲያጫውቱ ካሌብ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን አየ፤ የአዲስ አበባ የመሥመር ስልክ ነው። የጓደኛው መልእክት ላይ ካለው የኤምባሲ ቁጥር ጋር አስተያየው፤ የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ናት የምትለየው። መልሶ ቢደውል ማሽን ተቀበለው፤ ለዚህ አንድ ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለት ይጫኑ፣ ካሌብ ሁሉንም ተጫነ። ማሽኑ አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋበት። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። የትናየት ግድ የለም፣ አያውቁም ነበር እኮ፣ እዚያ ስደርስ መስኮቱ ላይ አስረዳቸዋለሁ አለችና ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች። ካሌብ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠውና፣ ከረባቱን እንደ ገና አስሮ አሁን ወደ እናቱ ዞረ። ሰሞኑን ሁሉ ሲያሠለጥን የከረመው የማትፈተነዋን ሰው መሆኑ ገብቶታል።

«የልጅሽ ሚስት ማን ትባላለች?» አላቸው።

«አዱኛ።»

ካሌብ ግንባሩን መታ። የወረቀት ስሟን፣ የአባቷን ቤት ስም እንዲሉ ለመናቸው። አሻፈረኝ አሉ። ያን ስም ለአባቷ ቤት ትቼው ነው ያመጣኋት፣ አሁን በእሱ የምጠራት ምን በድላኝ ነው አሉ። ካሌብ ወንድሙን ጠቀሰ፣ የጠፋውን ዓመት ጠቀሰ፣ ዘንድሮም የተሳለውን ጃንጥላ ጠቀሰ፤ ጃንጥላ ሲባል ወይዘሮ ዓለሚቱ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በመጨረሻ ተዋቸው ያለችው ራሷ የትናየት ናት። «ምሁሬ፣ እኔ ለሳምንታት ያልቻልሁትን እሳቸው ዛሬ ከየት ያመጡታል?» ብላው ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። ነፋሱ ጣሪያውን ያንኳኳል፤ ሦስቱም ስልኩን ያያሉ። ሀኒፋም ሁለት ጊዜ ወንፊት ልዋስ ብላ መጥታ ሁለት ጊዜ ሳትወስደው ሄደች።

አሥር ሰዓት አካባቢ ስልኩ ጮኸ። ካሌብ ድምፁን ከፍ አድርጎ እናቱ ፊት አስቀመጠውና ወደ ኋላ ሸሸ።

«ወይዘሮ ዓለሚቱ ፈንታ ነዎት?» አለች ያቺው ድምፅ።

«ነኝ፣ ልጄ። ቅድምም እኔው ነበርሁ።»

«ጧት የመከሩኝ ማለት ነው።»

«ሌባ መስለሽኝ ነው። ይቅር በይኝ።»

ከወዲያ ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ፣ ወዲያው ግን ተመልሶ ቢሮ ሆነ። ስንት ልጆች አሉዎት አለች፤ ነገሯት። ንጋቱ መቼ አገባ፣ ማን ዳረ፣ ሠርጉ ላይ ምን ትዝ ይልዎታል አለች፤ ዳሱን ነፋስ ነቅሎት እንግዳው ሁሉ ጠላውን እንደ ያዘ ሲያሯሩጠው መዋሉን ነገሯት። ያንንም ስትጽፍ ይሰማል። አሁን ከማን ጋር ነው የሚኖሩት አለች፤ ከልጄና ከምራቴ አሉ። ከዚያ የሚፈራው መጣ። የልጅዎ ባለቤት ስሟ ማን ይባላል አለች።

ካሌብ ቆሞ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የትናየት እርጥብ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗን ከአማቷ ላይ አንሥታ መሬት አየች፣ እንዲህ በሉልኝ ላለማለት። ወይዘሮ ዓለሚቱ ነገሩ በእጃቸው እንዳለ ያወቁት ያኔ ነው። አዱኛ ቢሉ ውሸት አይሆንም። ማንም አይፈርድባቸውም፣ ካሌብ እንኳ የባላገር ወግ ነው ብሎ ይበሳጫል እንጂ አይጠረጥራቸውም። ልጅቱም ነገ ሄዳ አልቅሳ ትመለሳለች፤ ጥላዬ፣ ምሳ ቀርቧል ትላለች፤ ዘንድሮስ ጃንጥላም አያስፈልግም። አንዲት ቃል ናት፣ ያውም በየቀኑ የሚሏት።

«የትናየት» አሉ። ስሙ አፋቸው ውስጥ ጎረበጣቸው። «የትናየት መሐሪ።»

ልጅቱ በሩ ላይ ደነገጠች፤ በዚህ ቤት ውስጥ በዚህ ስም ተጠርታ አታውቅም። ስልኩ ውስጥ ያለችው ግን አልጨረሰችም። እንግዲህ ልጅዎ በመልእክቱ አዱ እያለ የሚጽፍላት አለች፤ አዱ የምትባል ሴት ያውቃሉ አለች።

«አዱም እሷው ናት። አዱኛ ብዬ እኔ ያወጣሁላት ስም ነው፤ ልጄም ከእኔ ሰምቶ ነው እንዲህ የሚላት። አሁን ወደ እናንተ የምትመጣው የትናየት ናት። አዱኛ እዚሁ ከእኔ ትቀራለች።»

መጻፏ አልተሰማም። በኋላ «ገባኝ፣ እማማ» አለች፤ መስኮቱ ላይ የሚሰጡትን መልስ እኔ አላውቅም፣ የነገሩኝን ግን በደንብ እጽፈዋለሁ ብላ ተሰናበተች። ካሌብ ከረባቱን ፈትቶ ወደ ጣሪያው ወረወረውና ለጓደኛው ሊደውል፣ ለሀኒፋም ሊነግር ሮጦ ወጣ፤ ለሀኒፋ መንገሩ ትርፍ ነበር፣ አጥሩ ሥር ናት። ማርያምም ዘንድሮ ከተሳካ ዘርፍ የሌለውን ጃንጥላ ትቀበላለች፤ ሁልጊዜ ዘርፍ ያለው አይገኝም።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። የትናየት የበሶውን ከረጢት አፍ ልትሰፋ ተንበረከከች፤ መርፌው ግን ክሩን አልቀበል አላት፣ ወይም ዓይኗ። ወይዘሮ ዓለሚቱ መርፌውን ተቀበሉ፤ ለእሳቸውም አልሆነላቸውም። አስቀመጡትና፣ ካሌብ የተነሣበት ወንበር ላይ፣ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጡ።

«ተነሽና ቁሚ እስቲ» አሉ። «እዚያ የባልሽ እናት ማን ናት ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

«ጥላዬ፣ ዛሬስ በቃኝ።»

«በይ አልሁሽ።»

«ዓለሚቱ ፈንታ፤ አፈር ልሁንልዎ።»

«አፈሩን ተይው። ኤምባሲ አፈር አይወድም።»

ደገመችው። ግማሹን ለነጠላዋ ተናገረችው። ነጠላሽን ከአፍሽ አውርጂ፣ ፊቴን እዪ፣ እኔን አትፈሪ አሏት። ነጠላዋን አወረደች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ እጆቿን ግን ወደ ታች አድርጋ፣ ጆሮዋ እየታየ፣ ፎቶው ላይ እንደ ታዘዘችው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ዓለሚቱ ፈንታ» አለች። ሳትቸኩል፣ ሳታፍር፣ በሰው ድምፅ።

ወይዘሮ ዓለሚቱም ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አቤት» አሉ።